የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ

ሰውየውን ከማየቴ በፊት ግማቱ ደረሰኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ማክሰኞ የአንሶላ ቀን ነው። በአረጋውያን መኖሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ጓንት በጓንት ላይ ደርቤ፣ ከየመኝታው የመጣውን ክምር እለያለሁ። እዚያ ከገባሁ አራት ወሬ ነበር። የአዳር ሽንትና የቀን ሽንት ሽታቸው እንደሚለያይ አውቃለሁ። የፈሰሰ ወተት አንሶላ ላይ ሁለት ቀን ሲያድር ምን እንደሚመስልም አውቃለሁ። ይህ ግን ሌላ ነበር። በጎመን ውሃ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ የከረመ ሬሳ ዓይነት ነገር በመስኮቱ ገብቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ።

«አፍንጬ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች አክስት።

አክስት የክፍሉ አለቃ ናት። የማንም አክስት አይደለችም፤ ሁሉም ግን እንደዚያ ነው የሚጠራት። እኔን «አፍንጬ» ያለችኝ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ነው፤ የታጠበና የደረቀ ፎጣ አሽትቼ ወደ ማሽኑ ስመልሰው አይታኝ። አንቺ ተጸይፈሽ የምታባክኚውን ሳሙና ለእኔ ቢሰጡኝ አንድ ሰፈር አጥብበት ነበር ትለኛለች። ስቄ አልፋታለሁ። በዚያ ቤት መጸየፍ ነውር ነው። ዕድሜ ያመጣባቸውን ነገር ምን ያድርጉት፤ ነገ የሁላችንም ነው። ይህን አውቃለሁ። አፌ «ምንም አይደል» ይላል፤ ሆዴ ግን ምክር አይሰማም።

ፎጣ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ በጓሮ በር ወጣሁ።

አንድ ወጣት ክንዱን እስከ ክርኑ በርሜል ውስጥ ከትቶ ያማስላል። ውሃው ላይ ቡናማ አረፋ ተንሳፍፏል፣ አረፋው ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ክንዱን ሲያወጣ የበሰበሰ ሥር እንደ ረጅም ፀጉር ከጣቶቹ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ ጫፍ ደግሞ ልጋግ የመሰለ ነገር ተስቦ ተስቦ ተበጠሰ።

«ይሸታል?» አለኝ። በእውነት ለማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር።

«አይ፣ ሽቶ ነው» አልኩት በፎጣው ውስጥ።

ትንሽ አሰበበት። «ነገ ይብሳል» አለ። «ከነገ ወዲያ ደግሞ በጣም ይብሳል። ከዚያ በኋላ ይሻለዋል።»

አዲሱ አትክልተኛ ነበር። ሳልጠይቀው፣ ዓይኔን ሳያይ አስረዳኝ። ከግቢው ሣር ውስጥ የነቀለውን አረም ሜዳ ላይ ቢጥለው ፍሬው ነፋስ አግኝቶ ተመልሶ ይበቅላል። ውሃ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከደፈቀው ግን ሥሩም ፍሬውም ይበሰብሳል፤ ከዚያ ያ ውሃ ይቀጥንና ሣሩ ይጠጣዋል።

«ከሣሩ የሰረቁትን ይመልሳሉ» አለ። እንደ ቀልድ አላለውም።

ተመልሼ ገብቼ ማጠቢያው ገንዳ ላይ አስመለስኩ። አክስት ጀርባዬን እየመታች፣ ፊት ሳትታጠቢ ወንድ ለማየት መውጣት ይኸው ነው ትርፉ አለች።

በማግስቱ በርሜሉ ከቦታው አልነበረም። ከግቢው ጥግ፣ ነፋስ ወደ እኛ ከማይመጣበት ከአጥሩ ሥር ሄዶ ተቀምጧል፤ ክዳን ተሠርቶለታል፤ ክዳኑ ላይ ሁለት ድንጋይ ተጭኖበታል። በምሳ ሰዓት ከድሮው ቦታ እስከ አዲሱ ቆጠርኩት፤ ስድሳ ሦስት እርምጃ ነው። የሞላ በርሜል አይንከባለልም። በባልዲ እየቀዳ ነው ያመላለሰው።

ያንን ግማት በባልዲ ስድሳ ሦስት እርምጃ የተሸከመልኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

*

ግማትን ለምን እንደምፈራ ለመናገር ስለ አባቴ መናገር አለብኝ።

አባቴ ረጪ ነው። በጀርባው ቢጫ መርጫ አዝሎ፣ የሰው ግቢ እየገባ ፀረ አረም ይረጫል። የዚህንም መኖሪያ ሣር እስካለፈው ወቅት ድረስ የሚረጨው እሱ ነበር፤ እኔንም እዚህ ያስገባኝ እሱ ነው። መድኃኒቱ የቀለጠ ፕላስቲክና የበሰለ ፍራፍሬ መሐል ያለ ሽታ አለው። ጣፋጭነቱ ነው የሚያስጠላው። አባቴ ቤት ውስጥ ይበጠብጠዋል፤ ውሃ እኮ ነው፣ ብትጠጪው እንኳ አያስነጥስሽም ይላል። እናቴ ስትሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ቱታውን የማጥበው እኔ ነኝ። ሁለት ጥፍሮቹ ወልቀዋል። በጣቶቹ መሐል ያለው ቆዳ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። እራት ስንበላ ልጣጩ ሰሃኑ ላይ እንዳይወድቅ ስፈራ ሌላ ሌላ አያለሁ።

አባቴን እወደዋለሁ። እጁን ማየት ግን አልወድም። ልጅ ሳለሁ ሊያስተኛኝ ግንባሬን ሲዳብሰኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ርጭቱ የቀረው በቲቸር ምክንያት ነው። ቲቸር አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ከማንም ጋር የማያወሩ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አውልቀው ከትልቁ ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሣር ይበላሉ። አንድ አንድ ዘለላ እየመረጡ፣ በሁለት ጣት እየጠረጉ ያኝካሉ፤ አረንጓዴ ምራቅ በአገጫቸው ይወርዳል። የሹራባቸውን ደረት የማጥበው እኔ ነኝ፤ ጉንጭ ውስጥ የዋለ ሣር ሹራብ ላይ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ነው የሚፋቀው። ተው ቢሏቸው፣ ቢያነሷቸው፣ ወንበር ቢሰጧቸው እምቢ አሉ።

አትክልተኛው ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ቀን ያያቸዋል። እኚህ እናት እዚህ ሣር እስከበሉ ድረስ እዚህ መርዝ አላደርግም ብሎ ለሥራ አስኪያጇ ይነግራታል። ሥራ አስኪያጇ ጥርት ያለ ነገር ትወዳለች፤ ቲቸርንም ትወዳለች። አንድ ወቅት ሰጠችው። ገምጋሚዎች ለጉብኝት እስኪመጡ ድረስ አረሙን በእጁ ካጠፋ ይቆያል። ካልሆነ እሱ ይወጣል፤ ረጪው ይመለሳል።

ረጪው ማለት አባቴ ነው።

ማጠቢያ ክፍል ያሉት ሴቶች ለአትክልተኛው «ፍየሉ» የሚል ስም አወጡለት፤ ቀኑን ሙሉ በአራት እግሩ ሣር ላይ ስለሚውል። ቲቸርና ፍየሉ አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ እያሉ ይስቃሉ። እኔም ከመስኮቴ ሆኜ አየው ነበር። የማጨጃ ማሽኑን ምላጭ ከፍ አድርጎ ሣሩን አንድ መዳፍ ያህል አስረዘመው። ሰነፍ ነው ተባለ። ረጅም ሣር መሬቱን ስለሚያጠላው የአረም ፍሬ ፀሐይ አያይም ብሎ መለሰ። መሬቱ በረጠበ ጊዜ ቀጭን ረጅም ቢላ አረሙ ጎን ይሰካና ሥሩን ሳይበጥስ ያወጣዋል፤ ጫፉ ከቀረ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ጉድጓዷ ውስጥ ቁንጥር አፈርና ጥቂት የሣር ዘር ያደርጋል። አንድ ጊዜ ለምን እንደሚደክም ጠየቅኩት።

«ባዶ ቦታ ካለ ቀድሞ የሚደርሰው አረም ነው» አለኝ።

ቀንድ አውጣ ካገኘ በጣቱ ያነሳዋል። የምድር ትል ካገኘ ደስ ብሎት ያሳየኛል። ይሰቀጥጠኛል። እንዲያ እየሰቀጠጠኝ በማግስቱም መስኮቱ ላይ እገኛለሁ።

*

በጋው ሲከር የቧንቧው ውሃ ቀነሰ። አትክልተኛው አንድ ቀን በጓሮ በር መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ እያሸ፣ አክስትን የማለቅለቂያ ውሃ ለመናት። ደንቡን ራሱ አወጣ። የአንሶላ ቀን ውሃ አይሆንም፣ በረኪና አለበት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ግን ብርድ ልብስ ነው የሚታጠበው፤ ለብርድ ልብስ በረኪና አንጠቀምም። ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ነው። እሱ ለሣሩ ይሁን።

መሙላቱ የእኔ ሥራ ሆነ። በብርድ ልብስ ቀን አራት ጀሪካን ሞልቼ በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ባዶውን ሲመልስ ጀሪካኑ እጀታ ላይ የሆነ ነገር ይጠቀለላል። መጀመሪያ ያገኘሁት የክንዴን ያህል የሚረዝም፣ ከላይ እስከ ጫፉ ያልተበጠሰ ሥር ነበር። አፈሩ አልተራገፈም። አፈሩ ውስጥ ትል አለ።

«የሰው ወንድ አበባ ያመጣል» አለች አክስት። «ያንቺው ከነትሉ ሥር ያመጣል።»

በሁለት ጓንት ይዤ መስኮቱ ላይ አደረግኩት። ሲደርቅም አልጣልኩትም።

አንዳንድ ከሰዓት በዛፉ ጥላ ይጠራኛል። ብርቱካን በጥፍሩ ይልጣል። ጥፍሮቹ ጥቁር ናቸው፤ ከብርቱካኑ ነጭ ቆዳ ላይ አምስት ጥቁር ነጥብ ይተዋሉ። ግማሹን ሲዘረጋልኝ እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ።

«ጥርሴን ያመኛል» አልኩት በመጀመሪያው ቀን። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።

«ወር ሙሉ ያመመ ጥርስ መነቀል አለበት» አለኝ በአራተኛው። ፊቱ አልሳቀም። «ከነሥሩ።»

አንድ ቀን ደግሞ፣ የረጪው ልጅ ነሽ አሉኝ አለ። ነኝ አልኩት። ሣሩን በጣቱ ነካካ። ጥሩ ሰው ናቸው ይላሉ፣ አለ። ጥሩ ሰው ነው አልኩ።

«እጃቸውን አየሁት» አለ።

ከዚያ በፊት ስለ አባቴ እጅ ያነሳብኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም እንደ እኔ ሌላ ሌላ ነው የሚያየው። ተቆጣሁ፣ ሊያስለቅሰኝም ደረሰ፤ ሁለቱን መለየት ሲያቅተኝ ልብስ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

*

ጉብኝቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው በወንዶቹ ክፍል የሆድ በሽታ ገባ።

ሰኞ ጠዋት የመጡትን ብርድ ልብሶች እንዴት እንደነበሩ አልናገርም። አክስት እንኳን ያን ቀን አልቀለደችም። የመጀመሪያው ውሃ ሲወጣ መልኩን አየሁት። ሁለተኛው ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሽታው ግን ዓይን አያስፈልገውም። ደንቡን ጥሼ በረኪና ጨመርኩ። መጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ደርሼም እንደገና አሸተትኩ፤ አለ። ለሌላ ሰው አይኖርም ይሆናል፤ ለእኔ አለ። የቀረውን ጠርሙስ ሙሉውን ገለበጥኩበት። ያን ጊዜ ቀረ። ሁሉም ነገር ቀረ። በረኪና ለእኔ ሽታ አይደለም፤ የሽታ ሁሉ መጨረሻ ነው፤ ሰላም ነው።

እጄ እንደ ልማዱ አራት ጀሪካን ሞልቶ በር ላይ አስቀመጠ።

ረቡዕም እንደዚያው አደረግኩ። ረቡዕ ከሰዓት በመስኮቱ ሳይ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ አዲስ ዘር የገባበት ቦታ ገለባ መስሏል። ከመሐሉ ነጥቷል። ቅርጹ ውሃ ከጀሪካን አፍ ሲፈስ እንደሚሄደው ነው፤ አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ምላስ የመሰለ። ከግንዱ አጠገብ ቲቸር ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል።

ወዲያው አወቅኩ። ሮጬ መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ተጸይፌ ነው ልበል? እዚያ ቤት ውስጥ? ክንዱን እስከ ክርኑ በርሜል ውስጥ ለሚከት ሰው፣ የሽማግሌ ብርድ ልብስ ገምቶኝ ሣርህን አቃጠልኩት ልበለው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ዝንቡ ገብቶ ሲያበቃ የዘጋሁት አፍ ነበር።

አባቴ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት የረሳሁትን ቁልፍ ሊሰጠኝ ግቢ መጥቶ ነበር። ሲወጣ ከዛፉ ሥር ቆሞ፣ እጁን ወደኋላ አድርጎ ሣሩን ረጅም ጊዜ አየ። ዘበኛው አይቶታል። ሐሙስ ማለዳ ግቢው ሁሉ ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ረጪው ቦታውን ሊያስመልስ ሣሩን ገደለው ተባለ።

አትክልተኛው ሐሙስ በጓሮ በር መጣ። ፊቱ ላይ እንቅልፍ አልነበረም።

«አባትሽ ማክሰኞ ለምን መጡ?»

«ቁልፍ ሊያመጣልኝ።»

«መርጫውን ይዘው ነበር?»

አልያዘም። ባዶ እጁን ነበር። ቁልፉን ሲሰጠኝ ሁለቱንም እጆቹን አይቻለሁ፤ እንዲያውም እንዳልነካቸው ቁልፉን በገመዱ ነው የተቀበልኩት።

«አላየሁም» አልኩ።

በዚያ ክፍል ብዙ ነገር አጥቤአለሁ። ከዚያች ቃል የከፋ ቆሻሻ ግን በእጄ አላለፈም።

*

ዓርብ ጠዋት የቤቱ ነርስ ሲስተር ቁርስ ልታበላ የቲቸርን አፍ ስትከፍት፣ ከንፈራቸው ከውስጥ ቀልቶ ተልጦ አገኘችው። ጣቶቻቸውም ቀልተዋል። ሥራ አስኪያጇ አባቴን በስልክ አስጠራችው። ከሥራ ላይ፣ ከነቱታው መጣ። ከዛፉ ሥር ሥራ አስኪያጇ፣ ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ስልክ የያዘችው ሲስተር ቆመው ነበር፤ ቲቸር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው። እኔ ከኋላ፣ ከነጓንቴ፣ ከአክስት ጎን ቆምኩ።

ሥራ አስኪያጇ ድምጿን ሳታነሳ ጠየቀችው። አባቴ እንደ ገበሬ ቁጢጥ ብሎ ከነጣው ቦታ አንድ ጭብጥ አፈር አነሳና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አንዴ ሳበው። ደግሞ ሳበው። ከዚያ ቀና ብሎ ከሰው መሐል እኔን ፈልጎ አየኝ። አፈሩን ጣለ፤ እጁን ቱታው ላይ ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አለ።

አትክልተኛው ፊቱን አዞረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከንፈር ወደ ታች፣ አፍንጫ ወደ ላይ። አሥር ዓመት ሙሉ እራት ላይ ለአባቴ ያሳየሁት ፊት ነው።

ሲስተር ግን ፊት ለማየት ጊዜ አልነበራትም። «የትኛው መድኃኒት ነው? ስሙን ይንገሩኝ፤ ሐኪሙ ስልክ ላይ ነው። ማርከሻው እንደ መድኃኒቱ ነው አሉ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። የሃያ መድኃኒት ስም ያውቃል። ዓይኑ ግን በቲቸር ከንፈር ላይ ቀረ፤ አፉን መልሶ ዘጋ። ስለ እኔ መዋሸት ይችል ነበር፤ በእሳቸው አፍ ላይ መዋሸት አልቻለም። እንደገና ወደ እኔ አየ፤ አሁን ልመና ነበር።

«በረኪና ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ጓንቴን ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ። «ከልብስ ማጠቢያ የወጣ በረኪና ነው። ሰኞና ረቡዕ። ብርድ ልብሱ ገምቶኝ፣ ተጸይፌ፣ ሙሉ ጠርሙስ ጨመርኩበት። ጀሪካኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባቴ ምንም አልያዘም ነበር።»

ሲስተር ቃል በቃል ወደ ስልኩ ደገመችው። ሐኪሙ አፋቸው በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ወተት ይጠጡ፣ ትኩስ ነገር አይንኩ፣ ማታ አየዋለሁ አለ። ቲቸር ወተቱን ወደዱት። የእኔና የአትክልተኛው ነገር ከጉብኝቱ በኋላ፣ ከስምንት ቀን በኋላ እንደሚወሰን ሥራ አስኪያጇ ነግራን ሄደች።

አትክልተኛው ባዶ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ።

«ውሃውስ ስህተት ነው፤ ይታጠባል» አለኝ። «አላየሁም ያልሽኝ ግን...»

ጀሪካኖቹን በር ላይ አስቀምጦ ሄደ። እጀታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

*

ማታ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ምግቡ ቀዘቀዘ። ለምን እንደዚያ እንዳለ ጠየቅኩት።

«አፈሩ አንቺን አንቺን ሸተተኝ» አለ።

አልገባኝም።

«ከሥራ ስትመለሺ የምትሸቺውን። በሩን ስትከፍቺ ዓይኔን ያቃጥለኛል።»

«ሰባት ወር ሙሉ? ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ግንባርሽን ስነካሽ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር። እስክትለቂው እቆጥር ነበር።»

እኔ የምሸት ሰው መሆኔን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ተነስቼ ቱታውን ሳፋ ውስጥ ከተትኩ። ጓንት አላደረግኩም። ያ ጣፋጭ ነገር ከጨርቁ ወጥቶ በክንዴ ላይ ወጣ። ይውጣ አልኩት። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጠብኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ዕረፍቴ ቢሆንም፣ ጠዋት ግቢ ገባሁ። አትክልተኛው የነጣውን ቦታ ሌሊቱን ውሃ ሲለቅበት አድሮ ኖሮ፣ የላይኛውን አፈር አንድ መዳፍ ያህል ጠልቆ እያነሳ ነው። አላየኝም፤ ወይም አየኝ። ለጉድጓዱ ምን እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ።

ሄጄ ሁለቱንም ጓንቶች አጥሩ ላይ ሰቀልኩ። ከበርሜሉ ላይ ድንጋዮቹን አወረድኩ። ክዳኑን አነሳሁ።

ከድሮው ላይ አዲስ አረም ተጨምሮበት፣ በጣም ይብሳል ካለው ቀን ላይ ነው የደረስኩት። ከፈሳሹ በላይ ነጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ክንዴን ሳስገባው ለብ ያለ ነበር። ቀዝቃዛ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለብታው የሆነ ነገር አፍ ውስጥ እጄን የከተትኩ አስመሰለው። የሚንሸራተተው ነገር በጣቶቼ መሐል አለፈ። ወደ ጎን ዞሬ አስመለስኩ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ተመልሼ ከተትኩ። ባልዲው ሲሞላ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ከስድሳ ሦስት በላይ ነበር። ጉድጓዱ ዳር ገለበጥኩ። ተመለስኩ።

አራተኛው ባልዲ ላይ ድምፁን ሰማሁ።

«ከሥር አማስዪው» አለ፣ ከአካፋው ቀና ሳይል። «የሚጠቅመው ከታች ያለው ነው።»

እሑድ ቤታችን መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ ከበሩ ላይ ቆሞ አባቴን ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ ይቅርታህን ተወውና ያን ቢላ አሳየኝ አለው። ቁጭ ብለው ስለ ሥር አወሩ። አባቴ ሠላሳ ዓመት የገደለውን አረም ሁሉ እንደ ጎረቤት ያውቀዋል፤ የትኛው መቼ እንደሚያፈራ፣ የትኛው ሥሩን ወደ ጎን እንደሚሰድ። ሰኞ ጠዋት መርጫውን ቤት ትቶ፣ የእኔን ጓንት አጥልቆ፣ ከአትክልተኛው ጎን ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ይኼን እኔ በአንድ ጠዋት እጨርሰው ነበር» ሲል ሰማሁት።

«ተመልሶ ይመጣል እኮ፣ አባባ።»

«መምጣቱ አይደል እንዴ ሥራዬ።»

*

ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ። አረም ፈልገው አላገኙም። አንደኛው ግን ከዛፉ ሥር ደርሶ ቆመ። እንደገና ዘር በገባበት ጥቁር ቦታ ላይ፣ አራስ ልጅ አናት ላይ እንዳለ ፀጉር፣ ዓይን ካልተጠጋ የማይታይ አረንጓዴ በቅሎ ነበር። ይህ መላጣ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። አንድ እግሩ ጠርዙን ረግጧል። ሥራ አስኪያጇ መልስ ስትፈልግ፣ ከግንዱ ሥር ባዶ እግራቸውን የተቀመጡት ቲቸር፣ ለወራት ድምፃቸውን ያልሰማነው ሴት፣ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ድኖ ነበር።

«አትርገጠው፣ ልጄ» አሉት። «ገና ፊደል እየቆጠረ ነው።»

ሰውየው እንደ ተማሪ እግሩን ሰበሰበ።

ወረቀቱ ላይ አንድ ጉድለት ጻፈ፤ መላጣ ቦታ ብሎ። ከወጥ ቤቱ ጉድለት ያነሰ ነበር። ሥራ አስኪያጇ አትክልተኛውን እስከሚመጣው በጋ ድረስ ቆይ አለችው። ስለ እኔ አክስት ገብታ ተናገረች፤ በረኪናውን ቆልፌበታለሁ፣ ልጅቷን መቆለፍ አያስፈልግም ብላ። በዚህ ቤት የማይጸየፍ ካለ እጁን ያውጣ አለች አሉ። ማንም አላወጣም።

ከሰዓት አትክልተኛው በርሜሉ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። ከኪሱ ብርቱካን አወጣ። የእጁ አንጓ ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት መስመር ያብለጨልጫል። በጥቁር ጥፍሮቹ ላጠው፣ ከፈለው፣ ግማሹን ዘረጋልኝ። አምስቱም ጥቁር ነጥቦች ነበሩበት።

«ጥርስሽስ?»

«ተነቀለ።»

«ከነሥሩ?»

«ከነሥሩ» አልኩ።

አንዱን ክፍል አፌ ውስጥ ከተትኩ። ብርቱካን ብርቱካን አለ፤ አፈር አፈር አለ፤ ትንሽም በርሜሉን በርሜሉን አለ። ከአንገቴ እስከ ወገቤ ቀፈፈኝ። እሱ ትንፋሹን ይዞ ያየኛል። ዋጥኩትና፣ ሌላ እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።